ቫይረሱ አንድ፣ ጉዳቱ ለየቅል፦ አገርን ከአገር የሚለየው ምኑ ነው?

ማዕዶት

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ኮቪድ ዘመን ሳነብ ሰንብቼ ግራ ገብቶኛል። ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በማርች 2020 ጣሊያን ቤርጋሞ ውስጥ አስከሬን ከመብዛቱ የተነሳ የሬሳ ሳጥኖች በወታደር ካሚዮን ተጭነው ወደ ሌላ ከተማ ሲወሰዱ ሁላችንም አይተናል። በዚያው ሰሞን ቬትናም፣ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይዛ፣ ከቻይና ጋር ድንበር ተጋርታ፣ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ አንድም የኮቪድ ሞት አላስመዘገበችም። ቫይረሱ ያው ነው።

ሰው የሚሰጠው መልስ ደግሞ አያረካኝም። አንዱ የአየር ጠባይ ነው ይላል፣ ሌላው ዘር ነው ይላል፣ ሌላው መንግሥታቸው ቆራጥ ስለሆነ ነው ይላል። ፔሩ እኮ ገና በማርች 2020 አጋማሽ ሕዝቡን ቤት ያስቀመጠች፣ ወታደር መንገድ ላይ ያሰማራች አገር ናት። መጨረሻ ላይ ግን ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር በዓለም ከፍተኛ ሞት ካስመዘገቡት ተርታ ገባች። ጃፓን በሕግ አስገድዳ ማንንም ቤት አልዘጋችበትም። በሽማግሌና በአሮጊት ብዛት ደግሞ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ሞቷ ግን ከአብዛኞቹ ሀብታም አገሮች ያነሰ ነው። ይሄ ታዲያ እንዴት ይገጥማል?

በሙያው ያላችሁ ወይም በደንብ ያነበባችሁ አስረዱኝ። እባካችሁ "ሁሉም ተደማምሮ ነው" ብላችሁ አትለፉኝ። የትኛው ይበልጥ እንደሚመዝን ነው ማወቅ የምፈልገው።

ቆጣሪው

ማዕዶት፣ አገርን ከአገር ከማወዳደርሽ በፊት ቁጥሩን ማን እንደቆጠረው ጠይቂ። ሥራዬ መረጃ ማጠናቀር ስለሆነ ሁሌም የምነሳው ከዚህ ነው።

አንድ ሰው በኮቪድ ሞተ ተብሎ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር መጀመሪያ መመርመር አለበት። ለዚያ ደግሞ መመርመሪያው መኖር አለበት፣ ቦታው ቅርብ መሆን አለበት፣ ሰውየውም አቅም አግኝቶ እዚያ መድረስ አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰውየው ይሞታል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2022 ያወጣውን ግምት ተመልከቺ። በ2020 እና በ2021 አገሮች ሪፖርት ያደረጉት የኮቪድ ሞት ወደ 5.4 ሚሊዮን ነበር። ድርጅቱ በዘወትር ጊዜ ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ ስንት ሰው እንደሞተ ሲያሰላ ግን 14.9 ሚሊዮን መጣ። በወረርሽኙ የተነሳ ለሌላ ሕመሙ ሕክምና አጥቶ የሞተውም እዚህ ውስጥ አለ። ቢሆንም ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ህንድ 480,000 ገደማ ብላ ሪፖርት ያደረገችው በዚህ ስሌት 4.7 ሚሊዮን ሆኖ ተገምቷል። የህንድ መንግሥት ስሌቱን አጥብቆ ተቃውሟል።

ፔሩን አንስተሻል። በሜይ 2021 መጨረሻ መንግሥቷ ባለሙያዎች ሰብስቦ የሞት መዝገቡን እንደ አዲስ አስመረመረ። እስከዚያ ቀን ድረስ 69,000 ገደማ የነበረው ቁጥር በአንድ ጊዜ ከ180,000 በላይ ሆነ። ክፉኛ መጎዳቷ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በሰንጠረዡ አናት ላይ የወጣችበት አንዱ ምክንያት ሙታኖቿን ደፍራ ስለቆጠረች ነው። ይህን ያላደረጉ ብዙ አገሮች ዛሬም ከታች ተቀምጠው "እኛ ተርፈናል" ይላሉ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የሉሳካው ጥናት ነው። በ2020 አጋማሽ፣ "አፍሪካን ኮቪድ ዘለላት" ይባል በነበረበት ሰሞን፣ ተመራማሪዎች ዛምቢያ ዋና ከተማ ውስጥ የአስከሬን ማቆያ ገብተው ከ300 ከሚበልጡ አስከሬኖች አፍንጫ ናሙና ወሰዱ። ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ ቫይረሱ ተገኘበት። አብዛኞቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱ ናቸው። በሕይወት እያሉ የተመረመሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የዛምቢያ ኦፊሴላዊ ቁጥር እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ዕድሜ ነው። ክትባት ከመምጣቱ በፊት የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት በ25 ዓመቱ የተያዘ ሰው የመሞት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ገደማ ነበር። በ55 ዓመት ከ1,000 አራት ይሆናል። በ75 ከ100 ወደ አምስት ይጠጋል። በ85 ከ100 አስራ አምስት። ይህንን ይዘሽ የአፍሪካ ሕዝብ ግማሹ ከ20 ዓመት በታች መሆኑን፣ ከጣሊያን ሕዝብ ደግሞ ግማሹ ከ45 በላይ መሆኑን አስቢ። ስለ ባህል፣ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ መሪ ገና ምንም ሳናነሳ ብዙው ነገር እዚህ ያልቃል።

የሌሊት ተረኛ

ቆጣሪው ያለው ልክ ነው፣ ግን ዕድሜ ብቻውን አይበቃም። ነርስ ነኝ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ የማይታይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ኦክስጅን።

በጣም የከፋበት የኮቪድ ታማሚ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ኦክስጅን ሊፈልግ ይችላል። ሰው የሚያህለው ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ የሚይዘው ወደ 7,000 ሊትር ነው። አካፍሉት። ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ አልጋ፣ በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሲሊንደር። የመለኪያው ቀስት ወደ ቀይ ሲወርድ ሌላ ሲሊንደር ግፋ ይባላል፣ ቁልፉ ይፈለጋል፣ ማሰሪያው ይፈታል፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የሕመምተኛው ጣት ላይ ያለው የደም ኦክስጅን መለኪያ ከ90 ወደ 80፣ ወደ 70 ይወርዳል። ፈሳሽ ኦክስጅን በትልቅ ታንከር አጠራቅሞ በግድግዳ ቱቦ የሚያደርስ ሆስፒታል ይህን ጭንቀት አያውቀውም። በሲሊንደር የሚሠራ ሆስፒታል ግን አስር እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በአንድ ሌሊት ከገባበት አለቀለት።

ብራዚል ማናውስ ላይ በጃንዋሪ 2021 የሆነው ይኸው ነው። ከተማዋ አማዞን ጫካ መሃል ናት። በመንገድ መድረስ ከባድ ነው፣ አብዛኛው ዕቃ በወንዝ ወይም በአውሮፕላን ነው የሚገባው። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ሰዎች ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው አየር አጥሯቸው ሞቱ። ቤተሰብ በየፋብሪካው ደጃፍ ባዶ ሲሊንደር ይዞ ተሰለፈ። እነዚያ ሰዎች ሌላ ከተማ ቢሆኑ ኖሮ ብዙዎቹ ይድኑ ነበር ብዬ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። በሽታው ገዳይ የሚሆነው በራሱ ብቻ አይደለም።

ስለ ፔሩ ደግሞ ይሄን ጨምሩበት። "ቤት ተቀመጡ" ማለት ቀላል ነው። ከሠራተኛው ከሦስት እጅ ሁለቱ በላይ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላ ሆኖ ቤት ተቀመጥ ቢባል እንዴት ይቀመጣል? ብዙ ቤት ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃ ምግብ ገዝቶ መክተት አይችልም፣ በየቀኑ ገበያ መውጣት አለበት። መንግሥት የድጎማ ገንዘብ ሲሰጥ ደግሞ የባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው ባንክ በር ላይ ለሰዓታት ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ ዋለ። ገደቡ በወረቀት ጥብቅ ነበር፣ ሰው ግን በገበያውና በሰልፉ ላይ ተጠጋግቶ ነበር። ህንድም ላይ በማርች 2020 የአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ተሰጥቶ አገር ሲዘጋ፣ በከተማ የቀን ሥራ የሚሠሩ ሚሊዮኖች ልጅና ዕቃቸውን ተሸክመው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ገጠር ተጓዙ። አንድ ዓይነት ሕግ፣ ደመወዙ በባንክ ለሚገባለትና ለሌለው አንድ ዓይነት አይደለም።

አሻግሬ

ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ውሳኔን በጣም አሳነሳችሁት። ድህነትም ዕድሜም ያው ሆኖ ውሳኔ ብቻ የለየበት ቦታ አለ። በ1918 ኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ሳሞአን ተመልከቱ።

ሳሞአ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ያኔ ለሁለት ተከፍለው ምዕራቡን ኒውዚላንድ፣ ምሥራቁን አሜሪካ ያስተዳድሩት ነበር። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ የአየር ጠባዩ አንድ፣ ዘመድ ከዘመድ በጀልባ የሚጠያየቅ። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነስታ የታመሙ መንገደኞች ይዛ ምዕራብ ሳሞአ አፒያ ወደብ ደረሰች። ማንም አላገዳትም። በሁለት ወር ውስጥ 8,500 ያህል ሰው ሞተ። ይህ ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ ነው። በምሥራቁ በኩል ጆን ፖየር የሚባለው የባሕር ኃይል አስተዳዳሪ መርከቦችን አገደ፣ የየመንደሩ ሰውም ከምዕራብ የሚመጣ ጀልባ እንዳይጠጋ ዳርቻውን ጠበቀ። እዚያ በበሽታው የሞተ ሰው አልነበረም። አንድም! የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ በ2002 ሳሞአ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋል። ዘር ነው፣ አየር ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከኛ ዘመን ደግሞ ሆንግ ኮንግንና ኒውዚላንድን እዩ። ሁለቱም ለሁለት ዓመት ቫይረሱን ከበር መልሰው የቆዩ፣ ሁለቱም ሀብታም፣ ሁለቱም ክትባት እንደልብ የነበራቸው። በ2022 መጀመሪያ ኦሚክሮን የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ ሁለቱም ጋ ገባ። ኒውዚላንድ አረጋውያኑን ቀድማ ስለከተበች ሞቱ ዝቅተኛ ሆነ። ሆንግ ኮንግ ላይ ግን ከ80 ዓመት በላይ ያሉት አብዛኞቹ ገና ክትባታቸውን አልጨረሱም ነበር። ቫይረሱ ለረጅም ጊዜ ስላልገባ የሚቸኩል አልነበረም፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን መፍራትም ነበረ። በጥቂት ወራት ከ9,000 በላይ ሰው ሞተ። በማርች ላይ ከሕዝብ ብዛት አንጻር የዕለት ሞቱ ከዓለም አንደኛ ሆኖ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2019፣ ወረርሽኙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ የአገሮችን ዝግጁነት የሚለካ ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ወጥቶ ነበር። አንደኛ አሜሪካ፣ ሁለተኛ ብሪታንያ። ላቦራቶሪው፣ ገንዘቡ፣ ባለሙያው ሁሉ ተቆጥሮ ነው። የሆነውን አይተናል። ደቡብ ኮሪያ የመጀመሪያዋን በሽተኛ ያገኘችው ከአሜሪካ ጋር በአንድ ሰሞን ነው፣ ጃንዋሪ 2020። ኮሪያ ግን በ2015 ሜርስ የሚባል የኮሮና ዘመድ ገብቶባት 186 ሰው ታሞ 38 ሞቶባት ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጓን ቀየረች። አዲስ በሽታ ሲመጣ የግል ድርጅቶች መመርመሪያ በፍጥነት ሠርተው በአስቸኳይ እንዲፈቀድላቸው አደረገች። ስለዚህ በፌብሩዋሪ ሰው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ በየመንገዱ ይመረመር ነበር።

ትዕግስት_ም

የሁላችሁም ንጽጽር አገር ለአገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በአንድ አገር ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። የአገር አማካይ ብዙ ሰው ይደብቃል።

ሲንጋፖር በ2020 መጀመሪያ "ምርጥ ምሳሌ" ተብላ ስትወደስ ነበር። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ ታገላለች። በኤፕሪል ግን ወረርሽኙ ፈነዳ። የት? የውጭ አገር የግንባታ ሠራተኞች የሚያድሩባቸው የጋራ መኝታዎች ውስጥ። ወደ 300,000 የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ከባንግላዴሽና ከህንድ የመጡ ወንዶች፣ ብዙዎቹ በአንድ ክፍል ከአስር በላይ ሆነው በተደራራቢ አልጋ የሚተኙ፣ መጸዳጃና ማብሰያ የሚጋሩ። አንድ ሜትር ተራራቁ ቢባሉ ወዴት ይራራቁ? በዚያ ዓመት አገሪቱ ካስመዘገበችው 58,000 ገደማ በሽተኛ ከ90 በመቶ በላይ እነሱ ነበሩ። ደም ሲመረመር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ተይዘው እንደነበር ታወቀ። የከተማው ነዋሪ ገደቡ ሲነሳለት እነሱ ለረጅም ጊዜ ከመኝታና ከሥራ ውጭ መንቀሳቀስ ተከልክለው ቆዩ። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ወረርሽኝ ነበር ማለት ይቻላል፣ እና የሁለተኛውን አጥር ያጠረው ቫይረሱ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥም አውቶቡስ ነጂው፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛው፣ ዘበኛው ከሌላው ይበልጥ ሞቷል። ብዙዎቹ ጥቁርና የእስያ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ወዲያው ሰው "በደማቸው የሆነ ነገር ይኖራል" ማለት ጀመረ። ቤት ሆኖ በኮምፒውተር መሥራት የማይቻልበት ሥራ ላይ መሆናቸውን፣ በጠባብ ቤት አያትና ልጅ አብረው መኖራቸውን ግን ለማየት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ይሄ ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ማዕዶት

በጣም አመሰግናለሁ፣ ስንት ነገር ነው ያላችሁት! ሁለት ነገር ግን አልጠራልኝም። የአየር ጠባይና ዘር ጭራሽ ምንም ድርሻ የላቸውም ማለት ነው? ደግሞስ ቆጣሪው ዕድሜ ነው ካለ፣ የጃፓን ነገር እንዴት ነው?

ቆጣሪው

ማናውስ ከምድር ወገብ ጥግ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት። ሁለት ጊዜ ተመታለች። ሙቀት ካዳነ እሷን ማዳን ነበረበት። የአየር ጠባይ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው። ሰው በብርድ መስኮት ዘግቶ ሲሰበሰብ ቫይረሱ ይመቸዋል፣ ደጅ ሲውል ይከብደዋል። ሞቃት አገር ሁሉም ሰው ኤሲ ከፍቶ በር ከዘጋ ያው ነው።

በዘር ረገድ ደግሞ የትዕግስትን የሲንጋፖር ምሳሌ ወደፊት ልግፋው። እነዚያ ሠራተኞች ወጣቶች ነበሩ፣ የጠናበት ሆስፒታል አልጋ ያገኝ ነበር። ስለዚህ በ2020 ሲንጋፖር ውስጥ በጠቅላላ የሞተው ሰው 30 አልሞላም። በቀጣዩ ዓመት፣ በኤፕሪልና በሜይ 2021፣ ዴልታ ህንድ ላይ ሲነሳ የነዚሁ ልጆች እናትና አባት በየሆስፒታሉ ደጅ አልጋና ኦክስጅን አጥተው ሞቱ። ዴልታ የባሰ ዝርያ መሆኑ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ደሙ ግን የአባትና የልጅ ነው።

ጃፓን ገና ከጅምሩ ያየችው አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ለማንም አያስተላልፍም፣ ጥቂት ሰው በአንድ ቦታ ለብዙ ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ ሕዝቡን ሁሉ ከመዝጋት ይልቅ አየር የማይገባበት ቤት፣ ሰው የሚታጨቅበት ቦታ፣ ፊት ለፊት ተጠጋግቶ ማውራት፣ እነዚህን ሦስቱን ሽሹ ብላ ሰበከች። መልእክቱ አጭር ነበር፣ ሰውም ሰማ። ማስክ ማድረግም ለነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ኋላ ላይ ደግሞ አረጋውያኑን በስፋት ከተበች።

ክብደቱን ለጠየቅሽው፣ በ2022 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 177 አገሮችን ያነጻጸረ ጥናት ወጥቷል። አሻግሬ ያነሳው የዝግጁነት ነጥብ ከውጤቱ ጋር አልተያያዘም። የሆስፒታል አቅምም በያዘው ሰው ብዛት ላይ ያሳየው ነገር አልነበረም። ጎልቶ የወጣው መተማመን ነው። ሰው መንግሥቱን ሲያምን፣ ከዚያም በላይ ሰው ሰውን ሲያምን፣ የሚያዘው ቁጥር ይቀንሳል። ሞትን በተመለከተ ዕድሜ አንደኛ ነው። እኔ ብመድብ ዕድሜ፣ ከዚያ ክትባት መቼ ደረሰ የሚለው፣ ከዚያ መተማመን ብዬ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ክትባትን ማንሳትህ ጥሩ ሆነ። ብሪታንያ የመጀመሪያዋን ክንድ የወጋችው ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ነው። ክትባት ለአገሮች በሚያዳርሰው ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ መርሃ ግብር በኩል ለድሃ አገሮች የተላከው የመጀመሪያው ጭነት ጋና የደረሰው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2021 ነው። ክፍተቱ ያን ያህል አይመስልም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ኮቫክስ በዋናነት ይጠብቅ የነበረው ህንድ ውስጥ ከሚመረተው ክትባት ነበር፤ ህንድ በዴልታ ስትመታ ክትባቱን ለራሷ ሕዝብ አስቀረች። ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን በአንድ አገር ያመለጠው ወረርሽኝ ሌላ አህጉር ላይ ያለች ነርስ ሳትከተብ እንድትሠራ አደረገ። በ2021 መጨረሻ ሀብታም አገሮች ሦስተኛ ዙር ሲሰጡ፣ በድሃ አገሮች አንድ ጊዜ እንኳ የተከተበው ከ10 በመቶ በታች ነበር።

እኔ ብመድብ ግን ኦክስጅንን ከመተማመን በፊት አደርገዋለሁ። ሙያዬ ያደላል ብትሉኝም እቀበላለሁ።

ትዕግስት_ም

ስለ መተማመን አንድ የማውቀውን ልጨምር። ናቫሆዎች በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በራሳቸው ግዛት የሚኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ከቤታቸው ሲሶ ያህሉ የቧንቧ ውሃ የለውም፣ እጅ ታጠቡ የሚለው ምክር እንኳ ለነሱ ውሃ በበርሜል ጭኖ ማምጣት ነው። በሜይ 2020 በበሽታው የተያዙት ብዛት፣ ከሕዝባቸው አንጻር፣ ኒውዮርክን ጭምር በለጠ። ብዙ ሽማግሌ አጡ። እዚያ ሽማግሌ ሲሞት ቋንቋ አዋቂና ታሪክ አዋቂ ነው የሚሞተው።

ክትባት ሲመጣ ብዙ ሰው እነዚህ አይቀበሉም ብሎ ነበር፣ ከመንግሥት ጋር ያላቸው ታሪክ መራራ ስለሆነ። የሆነው ግን በተቃራኒው ነው። የራሳቸው አስተዳደር ራሱ ገደቡን አወጣ፣ የራሳቸው ሰዎች በናቫሆ ቋንቋ በሬዲዮ አስረዱ፣ መኪና ለሌለው ሽማግሌ ቤቱ ድረስ ሄዱ። በ2021 ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ የተከተበው ሰው ድርሻ ከአገሪቱ አማካይ ቀድሞ ነበር። ውሃው ግን አሁንም ለብዙ ቤት አልገባም።